ኮምባይነር ስንዴ እየጣለ ላስቸገራችሁ፣ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ

በስልክ አመስግኜዋለሁ። አልወጣልኝም፣ እዚህም ልበለው።

ኢተያ አጠገብ ስንዴ አለን። ሊታጨድ ሲል ዝናብ ከነነፋሱ መጣና ግማሹን አጋሸበው። የተከራየነው ኮምባይነር ገባ። ነገር መበላሸቱን የነገሩኝ ቃራሚዎቹ ናቸው፤ በአፋቸው ሳይሆን በማዳበሪያቸው። ሌላ ጊዜ አንድ ፌስታል ለመሙላት ግማሽ ቀን የሚለፉት ልጆች ያን ቀን ማዳበሪያ ሞልተው በጊዜ ወደ ቤት ገቡ! ኦፕሬተሩን ብንጠይቀው «ስንዴው ተኝቷል፣ እኔ ምን ላድርግ» አለ። ከማሽኑ ኋላ ፍሬውን ከገለባ የሚለየውን ወንፊት ይከፍታል፣ ገለባውን የሚነፋውን ማራገቢያ ይቀንሳል፣ ለውጥ የለም።

አሰላ ያለ ዘመዳችን ይህን መካኒክ ላከልን። ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ከሰዓት ነው የደረሰው፤ ይህን አልደብቅለትም። ሲመጣ ግን መፍቻ አላነሳም። ማሽኑ እያጨደ እያለ አስቆመው፣ ጥቂት ሜትር ወደኋላ አስመለሰው፣ ከዚያ ተንበርክኮ ፍሬ መልቀም ጀመረ። መጀመሪያ ገና ካልታጨደው ውስጥ፤ ይህ በራሱ የረገፈ ነው። ቀጥሎ ማጨጃው አልፎበት ገለባ ገና ካልወደቀበት ቦታ። መጨረሻ ከማሽኑ ኋላ። «በካሬ ሜትር 10 ግራም ከጠፋ በሄክታር 1 ኩንታል ነው» አለኝ። ያልታጨደው ውስጥ እምብዛም የለም። መሃል ላይ ግን ከነዛላው የተቆረጠ ስንዴ ፈሷል። የኋላው ከመሃሉ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ወንፊቱ ምን አጠፋ? ጥፋቱ ያለው ፊት ነው።

ፊት ላይ እያሽከረከረ ስንዴውን ወደ ማጨጃው የሚያስገባው ሪል የተስተካከለው ለቆመ ስንዴ ነበር። ከፍ ብሏል፣ ጣቶቹ ቀጥ ብለው ወደታች ያያሉ፣ ፍጥነቱም ከልክ በላይ ነው። የተኛውን ሳያነሳ፣ የቆመውን ዛላ እየመታ ያረግፋል። ዝቅ አደረገው፣ ወደፊት ገፋው፣ ጣቶቹን ከተኛው ሥር ገብተው እንዲያነሱ ወደኋላ አዘነበላቸው። ፍጥነቱን ከማሽኑ ጉዞ ትንሽ ብቻ እንዲበልጥ አደረገ። የጎበጡ ጣቶችን አቃና፣ ሁለት የተሰበሩ የማጨጃ ጥርሶችን ቀየረ፣ ጣቶቹ ማጨጃውን እንዳይነኩም ሪሉን በእጁ እያዞረ አንድ በአንድ አየ። ኦፕሬተሩንም ስንዴው ወደተኛበት ተከትለህ አትሂድ፣ በሰያፍ ግባ አለው። ሳይቆጣ ነው የነገረው፤ እኔ ብሆን አልችልም ነበር።

ከዚያ እንደገና አስቆመ፣ እንደገና ለቀመ። እፍኝ የነበረው ቁንጥር ሆነ። ዋጋ የጠየቀኝ ለሥራው ብቻ ነው፤ ጥርሶቹን ራሴ ገዝቼ ስለነበር።

ቃራሚዎቹ በማግስቱ አኮረፉኝ።

ስልኩን እዚህ አላወጣም፣ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉለት ስንዴው የቆመ ይሁን የተኛ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።