የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በቴሌቪዥን፦ የተቀረጸ ወይስ ቀጥታ?

ዘፈኑና ድራማው ይቀረጽ፣ ዜናውና ቆጠራው በቀጥታ ይሂድ ባዮች ነን።

የቀረጻ ትልቁ ጥቅም መቁረጥ መቻሉ ነው፤ የረዘመ ንግግርም ያላሳቀ ቀልድም ይወጣል። ነገር ግን ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሲቀረጽ አደይ ገና አልፈነዳችም፤ ስቱዲዮው በሰው ሠራሽ አበባ ይሞላል፣ ተመልካችም ወዲያው ይነቃበታል።

የዓመቱ ዜና ቅኝት ሲቀረጽ ደግሞ ይብሳል። ጳጉሜ 2 ተቀናብሮ ያለቀ ቅኝት ጳጉሜ 4 ለሚፈጠር ነገር ቦታ የለውም። ምስሉ ቀድሞ ይቀናበር፤ ትረካውና የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ግን እስከ ዋዜማው ክፍት ይቆዩ። ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን እንደምትሆንም አይዘንጋ፤ 2015 እንዲያ ነበረች። የቆጠራውን ግራፊክስ ካለፈው ዓመት የገለበጠ በአንድ ቀን ይስታል።

ቀጥታ ስርጭት ሞቅታው እውነተኛ ነው፤ ጣጣውም እንዲሁ። ጀኔሬተር ብቻውን አይበቃም፦ መብራት ሲጠፋ ሞተሩ እስኪነሳ ያሉትን ሰከንዶች የሚሸፍን ባትሪ ከሌለ መሣሪያው ሁሉ ይጠፋል። ከባድ ዝናብ የሳተላይት ምልክትን ያዳክማልና ከአደባባይ የሚመጣው ምስል በፋይበርም መምጫ ይኑረው።

ቆጠራው ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። ምልክቱ ወደ ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ሲመለስ ሩብ ሰከንድ ይፈጃል፤ ምስሉን መጭመቅና መፍታት ጥቂት ሰከንዶች ይጨምራል። ስለዚህ የስቱዲዮው ሰዓት ካልቀደመ፣ ተመልካቹ ስልኩ ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ገና «ሦስት፣ ሁለት…» ይሰማል። (ቀኑ የሚለወጠው ንጋት ላይ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች ግን በዚህ አይጨነቁም።)