ከፒያሳ ጀርባ ያለችው ሽሮ ቤት

ጎንደር ፒያሳ ጀርባ፣ ከፋሲል ግንብ በእግር ብዙ በማያስኬድ ቅያስ ውስጥ ያለችው ይህች ሽሮ ቤት ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ እንኳ የላትም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንደ እኔ በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ከቤት ውጭ መመገብ ከብዷል፤ እዚህ ግን ሳልሳቀቅ እቀመጣለሁ። ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል፤ የነጭ ሽንኩርቱና የበሶብላው ሽታ ከደጅ ይቀበላል፤ እንጀራውም ዓይኑ የበዛ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የሽሮ ቤቷ ባለቤት የሆኑት እናት መስተንግዶ ነው። አንድ ቀን ሁለት ተማሪዎች ሳንቲማቸውን ቆጥረው አንድ ሽሮ ለሁለት ሲያዙ፣ እሳቸው ምንም ሳይናገሩ እንጀራ ደርበው አቀረቡላቸው፤ «ብሉ እንጂ ልጆቼ፣ ቀን ያልፋል» ሲሉም ሰማሁ። ያን ዕለት ማዕድ ሲነሳ «ተመስገን» ያልሁት ከልቤ ነበር።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ የቧንቧ ውኃም ስለሚቋረጥ እጅ የሚያስታጥቡት በጆግ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጿሚው ስለሚበዛ ከስድስት ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ ይሻላል።