ድራይቩ አልሞተም ነበር፦ ታይዋን ገበያ አካባቢ ላለው ባለሙያ ምስጋና

ድሬዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው፤ ጠባቧ ሱቁ ታይዋን ገበያ አካባቢ ናት።

የወንድሜ ሠርግ የተቀረጸው በ2000 ዓ.ም. ነው። ያለን አንድ ዲቪዲ ብቻ ነው። አባታችን ሙሽሮቹን ሲመርቅ ድምፁ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው። አሁን እሱ የለም። እናቴ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ "እስቲ አንዴ አሳዩኝ" አለች። ዲቪዲውን አሮጌው ዴስክቶፕ ውስጥ ከተትኩት። ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። አያነብም፤ ቁልፉን ብጫነውም አይከፍትም። ዲቪዲው ውስጡ ቀረ።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቦታ ነበር። ሰውየው ሳይፈታው "ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ" አለኝ። ዲቪዲውስ ብለው በካቻቪቴ ሊፈለቅቀው ተነሳ። ተቀብዬው ወጣሁ። ማሽኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በባጃጅ ስመለስ እንባዬ ይተናነቀኝ ነበር።

ወደዚህ ልጅ የላከችኝ ጎረቤቴ ናት። "አቦ፣ አይዞሽ እህቴ፣ ቀስ ብለን እናየዋለን" አለኝ። ኮምፒውተሩን አስነስቶ ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የተገጠሙለትን ዕቃዎች የሚያሳየው ገጽ ነው) ገባና የድራይቩን፣ ማለትም ዲቪዲ የሚያነበውን ክፍል፣ ስም በጣቱ አሳየኝ። ስሙ እዚያ ከታየ ኮምፒውተሩ ያውቀዋል፤ ሙሉ በሙሉ አልተቃጠለም ማለት ነው አለኝ። ስሙ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚሞክረው ኬብሉን መቀየር ነበር።

ከዚያ አጥፍቶ ሶኬቱን ነቀለ። የወረቀት ክሊፕ አቃንቶ ድራይቩ ፊት ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ አስገባ። ያቺን ቀዳዳ ስንት ዓመት ሳያት ለዚህ መሆኗን አላውቅም ነበር። ገፋ ሲያደርገው ትሪው ተንሸራቶ ወጣ። ዲቪዲው አንድ ጭረት እንኳ አልነካውም።

ሲፈታው፣ ትሪውን የምታንቀሳቅሰው ቀጭን የጎማ ቀበቶ ላልታለች። ጎማ ሲያረጅ ይላላል፤ የእኛ ሙቀት ደግሞ አይምረውም። ከሌላ የማይሠራ ድራይቭ ላይ በፈታት ቀበቶ ቀየራት። አሁንም ግን ዲቪዲውን አያነብም። ከመሳቢያው የዘፈን ሲዲ አውጥቶ ሲሞክር ግን አነበበ! እኔ ግራ ገባኝ። ሁለቱ የሚነበቡት በተለያየ የሌዘር ጨረር ነው አለኝ፤ የሲዲው 780 ናኖሜትር፣ የዲቪዲው 650። ዲቪዲ ላይ የተቀረጸው መረጃ ደግሞ በጣም የደቀቀ ስለሆነ ትንሽ አቧራም ያስቸግረዋል።

ሌንሷን አሳየኝ። ምስር ታክላለች፤ ላይዋ ላይ የድሬ አቧራ ተጋግሯል። የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ አልኮል አስነክቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሳይጫን አበሳት። ሌንሷ የቆመችው በክር በሚመስሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ስለሆነ ጠንከር ያለ እጅ ያበላሻታል። ዲቪዲውንም ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ጠረገው፤ እያዞሩ መጥረግ ጭረት ቢፈጥር የባሰ ነው አለኝ።

አነበበ። የአባቴ ድምፅ ያቺን ጠባብ ሱቅ ሞላት። ልጁ ሥራውን አቁሞ አብሮኝ አዳመጠ፤ "አሜን" አለ።

ከዚያ ሳልጠይቀው ቪዲዮውን ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠልኝ። እንዲህ በኮምፒውተር የተቀዳ ዲቪዲ በሙቀትና በፀሐይ እየደበዘዘ ይሄዳል አለ። እባካችሁ እናንተም መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ዛሬውኑ አስገልብጡ። ለሁሉም የጠየቀኝ 300 ብር ነው። ጨምሬ ልስጥህ ብለው እምቢ አለኝ። ማታ እናቴ ሦስት ጊዜ አስደገመችን፤ እሱንም አባቴ ሙሽሮቹን በመረቀበት ቃል መረቀችው።

ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ በቀትሩ ሐሩር ዘግቶ የሚከፍተው 10 ሰዓት ላይ ነው።