ለእጀታው ብለው ሽጉጤን ሞረዷት

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ከተረከብኳት አንድ ቀን እንኳ አልሞላኝም። ንዴቱ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው። ከበረደልኝማ ለራሴ ሰበብ ደርድሬ እንደምተወው አውቃለሁ።

ቅርጽ የተሠራባት ሪቮልቨር፣ ጥይት የሚጎርሰው ሲሊንደሯ የሚሽከረከር ሽጉጥ፣ ያላችሁ ሰዎች የእጀታ ሻጩን ታውቁታላችሁ። እሱን ባታውቁት ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። «የኔ ጌታ» ይላል። ናሙናዎቹን ጥቁር ጨርቅ ላይ ይደረድራል። ዞጲ፣ ዋልነት፣ የአጋዘን ቀንድ፣ የዕንቁ ዛጎል። ያቺን ነጯን ግን መጨረሻ ላይ ነው ከመሳቢያ የሚያወጣት፣ በወረቀት ተጠቅልላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ግማሹን በቅድሚያ ትከፍላላችሁ። ሁለት ሳምንት ይላል፣ ሁለት ወር ይሆናል።

እኔ የሄድኩት ዋልነት ፈልጌ ነበር። የአባቴ ሽጉጥ ናት። በእጅ የተቀረጸ ሐረግ አላት፤ ከሲሊንደሩ አጠገብ ይነሳና በእጀታው ጀርባ ባለው ብረት ላይ ወርዶ፣ ከታች በኩል አንዲት ትንሽ አበባ ላይ ያልቃል። የዱሮው የእንጨት እጀታ ብሎኑ ጋ ስለተሰነጠቀ ተመሳሳዩን ላሠራላት ነው ሐሳቤ። ሰውዬው ሳቀብኝ።

«እንዲህ ያለ ቅርጽ ላይ እንጨት? ሙሽራን ጆንያ ማልበስ እኮ ነው!»

እኔም ሳቅኩ። ያኔ ነው የተበላሁት።

ነጯን «ማሞዝ ናት» አለኝ፤ ከምድር የጠፋው ጸጉራም የዝሆን ዘመድ ጥርስ ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ ከተወሰነ ወዲህ ደፍሮ «ዝሆን ነው» የሚላችሁ ሻጭ ብዙም የለም። ሁሉም ነገር ማሞዝ ሆኗል፤ ከሳይቤሪያ በረዶ ሥር የወጣ፣ ሺህ ዓመታት የተቀበረ፣ ወረቀት ያለው። ወረቀቱን ጠየቅኩ። «ከእጀታው ጋር አብሮ ይሰጥዎታል» አለኝ። እስከ ዛሬ ሊሰጠኝ ነው።

ከዚያ ደግሞ ወሬውን ሊያሳምር «የጄኔራል ፓተን እጀታ ዕንቁ ነበር፤ ይሄ ግን ከሱም ይበልጣል» አለ። ፓተን፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካዊ ጄኔራል፣ እ.ኤ.አ. በ1916 የገዛት ኮልት ሪቮልቨር እጀታዋ የዝሆን ጥርስ ነው። ፓተን ራሱ ዕንቁ ሲሏት ይበሳጭ እንደነበር ሽጉጥ የሚወድ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ! በደንብ አውቃለሁ! ግን ይሉኝታ ያዘኝ። በሠራተኞቹ ፊት ላሳፍረው አልፈለግኩም። አንገቴን ነቅንቄ ቀብዱን ከፈልኩ፤ ሽጉጧንም ትቼላቸው ወጣሁ። የዋልነቱን እጀታ እንኳ «አያስፈልገንም፣ ይውሰዱት» ብለው ፈትተው ሰጡኝ። ይህም ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

ትናንት ደወሉልኝ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ለስላሳ ጨርቅ ውስጥ አድርጎ አመጣት። መጀመሪያ ያየሁት እጀታውን ብቻ ነው። የወተት ክሬም መስሏል። አውራ ጣቴን ብረቱና እጀታው በሚገናኙበት ላይ ሳሳልፍ ምንም አልያዘኝም። ጥፍሬን ሞከርኩ፣ አሁንም ምንም። አንድ አካል ሆነዋል። ልጁን «እጅህ ይባረክ» አልኩት። አፌ ይቆረጥ።

ወደ መስኮቱ ዞር ብዬ ከታች አበባዋን ልይ ስል አበባዋ ግማሽ ሆናለች።

መጀመሪያ የብርሃኑ ጨዋታ መሰለኝ። ገልብጬ አየሁ። ዳር ዳሩን ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ተልጦ፣ የክብሪት እንጨት ስፋት ያህል ነጭ ብረት ወጥቷል። ላዩ ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ከጀርባ ያሉት ቅጠሎች ጫፍ ጫፋቸው የለም። ፍየል የገባችበት አጥር ይመስላል። አበባዋ አምስት ቅጠል ነበራት። ሦስት ቀርቷታል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እጀታ ነው ለብረት የሚሞረደው። የእያንዳንዷ ሽጉጥ ብረት በእጅ ስለሚወለወል ዳሩ ከሌላዋ ትንሽ ይለያል። ስለዚህ እጀታው ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና፣ ብረቱ በፕላስተር ተሸፍኖ፣ በሞረድ ቀስ እያለ ይጠጋል። ቀን ይፈጃል። እነዚህ ግን በቅርጽ ማውጫ የተጋገረ፣ ትንሽ ጠበብ ያለ እጀታ ነበራቸው። ገጠሙትና ብረቱን ከነእጀታው ማሽን ላይ አስጠጉት። ጣቴን ምንም ያልያዘው ለዚህ ነው።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩ።

ልጁ አየት አደረገና «ጋሼ፣ በጣም አስጠግተው ስላዩት እኮ ነው» አለኝ። ሌላኛዋ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ሽጉጥ ናት ወይስ ሙሽራ?» አለች።

ሙሽራ ያላት እኮ አለቃቸው ነው! ይህን መልስ ያገኘሁት ግን ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እዚያ ቆሜ ጆሮዬ እየጋለ፣ ታምኑኛላችሁ፣ ቀሪውን ግማሽ ከፈልኩ። ደረሰኙንም «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀበልኩ። ስንት እንደከፈልኩ አልጽፍም። ባለቤቴ ይህን ታነባለች።

ማታ በማጉያ መነጽር አየሁት። ማሞዝ ቢሆን ኖሮ ጥርሱ በአግድም በተቆረጠበት ጫፍ ላይ የሚጠላለፉ መስመሮች ይታዩ ነበር፤ ሽሬገር የሚባሉት። ከውጭ በኩል ሲታዩ የማሞዝ ማዕዘናቸው ጠባብ ነው፣ ከ90 ዲግሪ በታች፤ የዝሆን ደግሞ ከ115 በላይ ይሰፋል። የእኔው መስመሩ ከላይ እስከ ታች እንደ ደብተር ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። አንድ ቦታ ላይ የአየር አረፋ አለችው። መርፌ አግዬ ከውስጥ በኩል ነካ አደረግኩት። ሻማ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

እውነቱን ልናገር፣ ፕላስቲኩ ያን ያህል አላናደደኝም። በስሙ ቢሸጡልኝ ይዤው እኖር ነበር። እንደ ጥርስ ሙቀትና ደረቅ አየር አይሰነጥቀውም። እጀታ ይጣላል፣ ሌላ ይሠራል። የተላጠ ብረት ግን ከየት ይመጣል? ቀራጭ ሐረጉን እንደገና ሊያወጣው ይችል ይሆናል፣ ግን በአነሰው ብረት ላይ ነው። የመጀመሪያው ሰው ያወጣት አበባ አትመለስም።

ምክር ካላችሁኝ፣ «ብረቱ አይነካም» የሚል ቃል አስጽፋችሁ አስፈርሙ። ከመስጠታችሁ በፊት ዳሩን በቅርብ ፎቶ አንሱ። ከታች ገልብጣችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ሌላ የለኝም።

ከመተኛቴ በፊት ፕላስቲኩን ፈትቼ የአባቴን ዋልነት መለስኩላት። ዱሮ ልክክ ይል ነበር። አሁን ዳር ዳሩን ከብረቱ በጥፍር ውፍረት ያህል ተርፏል። ስጨብጣት መዳፌን ይቧጥጠኛል።