እንጅባራ ላለው የሞተር መጋዝ መካኒክ ምስጋና፣ ለባለ መጋዞችም ጥቆማ

በአዊም ሆነ በዳሞት በኩል ባህር ዛፍና ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከለውን የግራር ዓይነት) በሞተር መጋዝ የምትቆርጡ ወገኖቼ፣ እስቲ ይቺን አንብቧት። እንጅባራ ላይ፣ ወደ ዳንግላ መውጫው በኩል፣ ትንንሽ ሞተሮችን የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። የውኃ ፓምፕም ጄኔሬተርም ይሠራል፤ እኔ የማመሰግነው ግን በመጋዙ ነው። ስሙን ሳላስፈቅድ እዚህ መለጠፍ ስላልፈለግኩ ትክክለኛ ቦታውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እጠቁማለሁ።

መጋዜ ጠዋት ሲጎተት ያለ ችግር ይነሳል። ጥቂት ግንድ እንደቆረጠ ግን ድምፁ ቀጠን ብሎ ይጮህና እልም ይላል። ወዲያው ቢጎትቱት እምቢ፤ አረፍ ብለው ሲመለሱ እሺ። ሲሞቅ ስለሚጠፋ «ኮይሉ ነው» ተብሎ ሌላ ቦታ ኮይል፣ ማለትም ለሻማው እሳት የሚሰጠው ዕቃ፣ ተቀየረለት። ቀጥሎ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ተገዛ። ብሩ ሄደ፣ ችግሩ እዚያው።

ይሄ ልጅ ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት ነው የጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ሲጠፋብዎ የቤንዚኑን ክዳን ከፍተው ያውቃሉ?» ከዚያ ግቢው ውስጥ ባለ ግንድ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ቆረጠበት። እንደጠፋ ሜዳ ላይ አስቀመጠው፣ ክዳኑን በጨርቅ ያዘና ቀስ እያለ አላላው። «ፉስስ» አለ፤ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ። መልሶ አጥብቆ ጎተተው፤ ተነሳ። «ኮይል ቢሆን ኖሮ ክዳን መክፈት አያስነሳውም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ከታንኩ በወጣ ቁጥር ቦታውን የሚተካ አየር መግባት አለበት። የሚገባበት መተንፈሻ በአንዳንዱ መጋዝ ክዳኑ ላይ ነው፤ በእኔው ከታንኩ አናት የተሰካች ትንሽ ነገር ናት። አየር ታስገባለች፣ ቤንዚን አታስወጣም። እሷ ስትደፈን ካርቡሬተሩ መሳብ ያቅተዋል። መጋዙ ሲያርፍ የሚነሳውም ስለቀዘቀዘ ሳይሆን አየር በቀስታ እየሾለከ ስለሚገባ ነው። ለካ ስንቱ ኮይል በከንቱ ተጥሏል!

ነቅሎ ሲያሳየኝ ደቃቅ ሰጋቱራ ከሰንሰለት ዘይት ጋር ተለውሶ፣ እንደ ጥቁር ሰም ደርቆባታል። እኔ ሽቦ ላቀብለው ስል ሳቀ። ውስጧ ያለችው ጎማ በሽቦ ከተቀደደች መጋዙን በዘነበሉት ቁጥር ቤንዚን ይንጠባጠባል። በንጹህ ቤንዚንና በለስላሳ ብሩሽ አጠበና በአፉ ሞከራት፤ ጎማዋ ደርቃ ስለነበር በሌላ ተካት። የዕቃዋ ዋጋ ከካርቡሬተር ጋር ለንጽጽር አይቀርብም።

በዚያ ብቻም አልለቀቀኝም። ፊልትሮውን ከታንኩ በመንጠቆ ስቦ አየው፣ ቱቦውንም እጥፍ ዘርጋ እያደረገ ስንጥቅ ፈለገበት። ፊልትሮ ሲደፈንም ሆነ ቱቦ ሲሰነጠቅ መጋዙ ተመሳሳይ ጠባይ ያሳያል፤ ልዩነቱ ያኔ ክዳን ቢከፍቱም ለውጥ አለመኖሩ ነው። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ፈትቶ ደግሞ ፒስቶኑን በባትሪ አሳየኝ። በእነዚህ ሞተሮች ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ብቻ ስለሆነ ቤንዚን ሲያጥር ዘይትም ያጥራል፤ ያ ቀጭን ጩኸት ፒስቶን የሚጭረው ለዚህ ነው። የእኔው፣ ተመስገን፣ አልተጫረም። የእኔ መጋዝ ድብልቅ 50 ለ 1 ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት። የእናንተን ከመመሪያው እዩ።

በፋግታ በኩል ከሰል የምታከስሉ ይቺን ልብ በሉ። በጠራራ ፀሐይ ወይም ሞተሩ ግሎ ሳለ ታንኩ በተቃራኒው ግፊት ይይዝና ክዳኑ ሲከፈት ቤንዚን ይረጫል። ከከሰሉ ጉድጓድ ራቁ፣ ሞተሩ ይብረድ፣ ክዳኑን በቀስታ። «ላላ አድርጌ ልቁረጥበት» የሚባለውንም እርሱት፤ የሚፈሰው ቤንዚን የጋለ ማርሚታ ላይ ነው የሚያርፈው።

ልጁ እንከን የለውም አልልም። ስልክ አያነሳም፣ በገበያ ቀን ወረፋው ያሰለቻል፣ እርሻ ድረስ ና ቢሉትም አይመጣም። በማለዳ መሄድ ነው። ግን የተበላሸውን ሳያውቅ ዕቃ ግዙ አይልም፤ የቀየረውንም አሮጌ ዕቃ እጅ ላይ ያስረክባል። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!

ስትሄዱ መጋዙን አጥባችሁ አትውሰዱ። እንደቆሸሸ፣ ሰንሰለቱም እንደተሳለ ይሁን፤ የተደባለቀውን ቤንዚን በጀሪካን ያዙ። እስኪጠፋ ቆርጦ ካላየው አይጀምርላችሁም።