ልጆችን ይዞ አዲስ አበባ ለመዝናናት፦ አራት ቀን ወይስ ሰባት ቀን?

ከየካቲት ወዲህ ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቢሮ ቡና ላይ ይጠይቁኛል። እዚህ ጎንደር በባጃጅ ወደ ሰፈሬ ማራኪ ስመለስ ይጠይቁኛል። «እናንተ ልጆቹን አዲስ አበባ ወስዳችሁ ነበር አይደል? ስንት ቀን ይበቃል?» ባለፈው እሁድ ደግሞ ጎረቤቴ ስልኳን እንደያዘች መጣች። የአውሮፕላን ትኬት እየቆረጠች ነው። «እህትዓለም፣ መመለሻውን ለመቼ ልበለው?» አለችኝ። ለእሷ ያልኳትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መልሴን ላስቀድም። ዋናው ጉዳያችሁ ልጆቹን ፓርክና መጫወቻ ቦታ ማድረስ ከሆነ አራት ቀን፣ ሦስት ሌሊት ይበቃል። ሰባት ቀን አልመክርም። ይህን የምለው ሁለቱንም ከፍዬ ስላየሁት ነው። አምና ሰባት ቀን ቆየን። ዘንድሮ አራት። ሁለቱንም ጊዜ አራት ሰው ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ዘንድሮ 11 ዓመት የሞላው ልጄና የ5 ዓመቷ ትንሿ።

አምና ሰባት ቀን ያልነው በትኬቱ ምክንያት ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ወደ 740 ኪሎ ሜትር ነው። የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። ትንሽ ልጅ ይዤ ያንን መንገድ አልሞክረውም፤ መሄድና መመለሱ ብቻ የዕረፍቱን ግማሽ ይበላል። ስለዚህ የምንሄደው ከአዘዞ፣ ከጎንደር አየር ማረፊያ፣ በአውሮፕላን ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ትኬቱ ግን ውድ ነው። 12 ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ እንደ አዋቂ ይከፍላል። ልጃችሁ 11 ላይ ከሆነ ጉዞውን ለከርሞ አታሳድሩት።

ያንን ሁሉ ብር ስንከፍል ባለቤቴ «ከሄድን አይቀር ሳምንት እንቆይ» አለ። እኔም ተስማማሁ። ትኬቱን ለሰባት ሲያካፍሉት ቀኑ የረከሰ ይመስላል። ግን አንድ ቀን ብትቆዩም ሰባት ቀን ብትቆዩም የትኬቱ ብር ያው ነው። አንዴ ከኪስ ወጥቷል። የምትጨምሩት ቀን ትኬቱን አያረክሰውም። የራሱን የአልጋ፣ የራሱን የምግብ፣ የራሱን የታክሲ ሂሳብ ይዞ ይመጣል።

ሂሳቡን በደብተር ይዤዋለሁ። ትኬቱን ትቼ የቀረውን ልንገራችሁ። አምና አልጋ በሌሊት 2,500 ብር፣ ለስድስት ሌሊት 15,000። ምግብ በቀን 3,000 ገደማ፣ ለሰባት ቀን 21,000። ታክሲ 8,400። መግቢያና መጫወቻ 14,600። መድኃኒቱ፣ ጫማው፣ ካልሲው፣ የመንገድ ላይ መጫወቻው ተደማምሮ 6,000። ድምሩ 65,000 ብር። ዘንድሮ አልጋ በ3,200 ያዝን፣ ለሦስት ሌሊት 9,600። ምግብ 11,200። ታክሲ ከቢሾፍቱው ኮንትራት ጋር 7,200። መግቢያና መጫወቻ 12,500። ልዩ ልዩ 1,500። ድምሩ 42,000 ብር። ዋጋው ሁሉ ከአምና ጨምሮ እንኳን 23,000 ብር ተረፈን።

አንዱን ቁጥር ግን ለብቻው እዩት። መግቢያና መጫወቻ አምና 14,600፣ ዘንድሮ 12,500። ልጆቹ የሄዱበትን ነገር ያገኙት በዚህ ብር ነው። ልዩነቱ 2,100 ብር ብቻ ነው። የቀረው ወደ 21,000 የሚጠጋ ብር የወጣው በአልጋ፣ በምሳ፣ በታክሲና በጥቃቅን ነገር ነው። ልጆቼ ከእነዚያ ተጨማሪ ቀናት አብዛኛውን ያሳለፉት ፔንሲዮን አልጋ ላይ ተጋድመው ቴሌቪዥን እያዩ ነው። ቴሌቪዥን ቤታችን አለ።

ስለ አምናው አምስተኛ ቀን ልንገራችሁ። እስከዚያ ድረስ አራቱን ቀን በተከታታይ ወጥተናል። ትንሿ ጠዋት ስትነሳ እግሯን ይዛ «እማ፣ ዛሬ ቤት እንሁን» አለችኝ። እኔ ግን ብሩ አሳሰበኝ። አልጋው ተከፍሏል፣ ቀኑ ለምን ይባክናል ብዬ ጎትቼ አወጣኋት። የሄድነው ተጋጪ መኪናና ትንሽ ባቡር ያለበት አንድ መጫወቻ ቦታ ነው። እዚያ በጥሬ ብር አይጫወቱም። በር ላይ ካርድ ይገዛል፣ ብር ይሞላበታል፣ በየጨዋታው እየተነካ ይቀነሳል። 2,000 ብር አስሞላሁ። ገብተን ስናይ ትልቁ ልጄ የጓጓለት ተጋጪ መኪና በገመድ ታጥሯል። ሠራተኛው «ተበላሽቷል፣ ቴክኒሻን እየጠበቅን ነው» አለን። ሰዓት ጠበቅን። ቴክኒሻኑ አልመጣም። ትንሿ ባቡሩ ሰልፍ ላይ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ምራቋ በሸሚዜ ላይ እየወረደ፣ ባቡሩ ሦስት ጊዜ ዞሮ ፊታችን ቆመ፣ አልነቃችም። ትልቁ ብቻውን ተሳፍሮ ተመለሰ። ካርዱ ላይ 640 ብር ቀረ። እንዲመልሱልኝ ብጠይቅ «ተመላሽ የለውም፣ ሌላ ቀን ይጠቀሙበታል» አሉኝ። እኛ የጎንደር ሰዎች ነን፤ ሌላ ቀን መቼ እንሄዳለን?

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። ካርድ ላይ ብር ከመሙላታችሁ በፊት ግቡና የትኛው እየሠራ እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። ወይም በር ላይ «ዛሬ የቆመው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስትጠይቁ ይነግሯችኋል፣ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም። ሁለተኛው፣ ትንሽ ትንሽ ሙሉ። 300 ብር ሞልቶ እንደገና መሰለፍ 640 ብር ጥሎ ከመመለስ ይሻላል።

ከሰባቱ ቀን ሌላው መዘዝ ዕቃ መግዛቱ ነው። አጭር ጉዞ ላይ የያዛችሁት ይበቃችኋል። ረጅም ሲሆን የሆነ ነገር ያልቃል፣ ይጠፋል፣ ይቀደዳል። አምና ለትልቁ ለጉዞው ብዬ አዲስ ስኒከር ገዛሁለት። ምልክቱ የታወቀ ብራንድ ነው፣ ዕቃው ግን ፎርጅድ። በሦስተኛው ቀን ሶሉ ከፊት ተከፈተ። መንገድ ዳር ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰድነው፣ በማስቲሽ ለጠፈው። በማግስቱ ውኃ ሲነካው እንደገና ተላቀቀ። በመጨረሻ ሌላ ጫማ ገዛን። ዘንድሮ ሁለቱንም ልጆች ለወራት ያደረጉትን አሮጌ ጫማ አስደርጌ ወሰድኳቸው። አንድም ቁስል የለም።

የመዋኛው ጎማ ደግሞ ያስፈራኛል። አምና ቢሾፍቱ ስንሄድ መንገድ ላይ ለትንሿ ርካሽ ጎማ ገዛሁ። ልክ ውዱን ይመስላል፣ ቀለሙም ያምራል። ውኃ ውስጥ ገብታ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስፌቱ ላይ ተነፈሰ። ጥልቀቱ እስከ ወገቧ ስለነበር፣ አባቷም እጇን ስለያዛት ምንም አልሆነችም። በየመንገዱ የሚሸጠውን ጎማ ልጃችሁን ያድናል ብላችሁ አትመኑበት። ውድ የሆነውም ቢሆን መጫወቻ ነው። ትንሽ ልጅ ውኃ ውስጥ ስትሆን እጃችሁ እሷ ላይ ይሁን። ልብሱንም ከቤት ያዙ። በጥጥ ልብስ ገንዳ የማያስገቡ ቦታዎች አሉ፤ በር ላይ የሚሸጠው የዋና ልብስ ደግሞ እሳት ነው።

የዘንድሮው አራት ቀን እንዲህ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት በረርን። አልጋ የያዝነው ራቅ ካለ ርካሽ ቦታ ሳይሆን ወደ መሀል ቀረብ ካለ ነው። በሌሊት 700 ብር ጨመርን፣ በታክሲ ግን ካሰብነው በላይ መለሰልን፤ የቀን የከተማ ሂሳባችን ከአምናው በግልጽ ቀነሰ። ከሰዓት በኋላ ወዳጅነት ፓርክን ዘና ብለን አየን። እዚያ ልጅ እንደልቡ ይሮጣል። የሳይንስ ሙዚየሙም ከዚያው አካባቢ ነው፤ ትልቅ ልጅ ካላችሁ እሱንም ጨምሩት።

ረቡዕ አንድነት ፓርክ ዋልን። ከዚህ በላይ የምመክረው ቦታ የለም። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር፣ የቪአይፒው 1,000 ብር ነበር። የዛሬውን ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ለልጅ መደበኛው ይበቃል። የምኒልክ ግብር አዳራሽ አለ፣ የክልሎች ማሳያ አለ፣ ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረበት ምድር ቤት አለ። እኔ በአዳራሹ ፈዝዤ ቀረሁ። ልጆቼ ግን ቶሎ አለፉት። የፋሲልን ግንብ እያዩ ያደጉ ልጆች በቤተ መንግሥት አይደነቁም። የያዛቸው አንበሳው ነው።

ይህን ለጎንደር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ፋሲል ግቢ ውስጥ የአንበሶቹ ቤት አለ። ባዶ ነው። ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በዚያ ባዶ ቤት በኩል ሲያልፍ «አንበሳው የት ሄደ?» ይለኝ ነበር። አንድነት ፓርክ ጥቁር ጋማ ያለውን አንበሳ ተጋድሞ ሲያየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማ፣ ይሄ ነው የኛ?» አለኝ። እዚያው ሩብ ሰዓት ቆመ። እህቱ ብትጎትተውም አልተነቃነቀም። ፕሮግራሙን ጥብቅ ብናደርግ ኖሮ ያንን ሩብ ሰዓት እነጥቀው ነበር። አንድ ቀን ለአንድ ፓርክ የምለው ለዚህ ነው።

ሐሙስ ቢሾፍቱ። ከአዲስ አበባ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሞቅ ይላል፣ ስለዚህ ለውኃ ይመቻል። የኩሪፍቱ የውኃ ፓርክ እዚያ ነው። መኪናውን ኮንትራት ስትይዙ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ፦ የፈጣን መንገዱን ክፍያ ማን እንደሚከፍል፣ የመጠበቂያ ሂሳብ እንዳለ ወይም እንደሌለ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ። እኛ አምና ይህን ሳንነጋገር ሄደን ማታ ላይ 1,200 ብር ተጨመረብን። ለማይዋኝ አዋቂም መግቢያ የሚያስከፍሉ ቦታዎች ስላሉ ያንንም ጠይቁ።

ዓርብ ጠዋትን ባዶ ተዉት። ዝናብ ከመጣ፣ አንድ ቦታ ተዘግቶ ከተገኘ፣ ልጅ ካመመው ያ ግማሽ ቀን ያድናችኋል። ምንም ካልተፈጠረ ፒያሳ ሄዳችሁ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዩ። ከሰዓት በረራ ነው። ቅዳሜና እሁድን ቤት አርፈው ሰኞ ትምህርት ቤት ይገባሉ።

«ቅዳሜና እሁድ ብቻስ?» የሚሉኝ አሉ። አይሆንም። አዲስ አበቤ ሁሉ የሚወጣው በእነዚያ ቀናት ነው፤ ልጆቹ የሚያዩት ሰልፍ ነው። በረራው በጥቂት ሰዓት ከዘገየ ደግሞ ጉዞው አለቀ።

ልጆቹ ሁሉም ከአሥር ዓመት በላይ ከሆኑ አምስተኛ ቀን ጨምሩና እንጦጦ ውጡ። ብስክሌት አለ፣ ፈረስ አለ፣ በገመድ መንሸራተት አለ። ከፍታው ከጎንደር በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይበልጣልና ሹራብ ያዙ። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ዳገቱ ይከብዳታል፤ አምና አባቷ ግማሹን ተሸክሟታል።

ሰባት ቀን የሚያዋጣው ዘመድ ካላችሁ ነው ይባላል። አልጋው በነፃ ነው፣ እውነት ነው። ግን ዘመድ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ቅቤ አለ፣ በርበሬ አለ፣ ማር አለ፣ ያ ሁሉ ሻንጣ ላይ ይመዘናል። ቡና ሳይጠጣ አይወጣም። አንዱ አክስት ጋ ሄዶ ሌላዋ ጋ አለመሄድ ቅያሜ ያመጣል። ዘመድ መጠየቁ ራሱ ዓላማችሁ ከሆነ ሳምንትም ያንሳል፣ ቆዩ። ፓርክ ከሆነ ግን ቀኑን እንግድነት ይወስደዋል።

ስለ ጊዜው በአጭሩ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ለውኃ ፓርክ አይሆንም። ጥር ላይ ጥምቀትን ጥሎ ከጎንደር የሚወጣ የለም። እኛ የምንሄደው በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ነው። ዓቢይ ጾም ከገባ ግን ምሳችሁን አስቡበት። መጫወቻ ቦታዎች ውስጥ ያለው ምግብ ፒዛና በርገር ይበዛዋል። ዘንድሮ በሶና ዳቦ ቆሎ ከቤት ይዤ ሄድኩ። ጠዋት በሶ በጥብጬ አጠጥቻቸው እወጣለሁ፣ ምሳ በያይነቱ ካለበት እንበላለን። የምግቡ ሂሳብ ከአምናው ያልበለጠው በዚህ ነው።

ጎረቤቴ መመለሻውን ዓርብ ከሰዓት አድርጋ ቆርጣለች። 640 ብር ያለበትን ካርድ ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጥቻታለሁ። መኪናው ተጠግኖ ከሆነ ልጆቿ ይጫወቱበት።