ኢቫንጌሊዮን ወይስ ካውቦይ ቢባፕ? የፍልሚያና የሙዚቃ ነገር

ሁለቱም 26 ክፍል ያላቸው የጃፓን ሳይንስ ልብወለድ አኒሜዎች (የካርቱን ተከታታዮች) ናቸው። ኢቫንጌሊዮን (እ.ኤ.አ. 1995) በ9ኛው ክፍል ውጊያውን ጭፈራ ያደርገዋል። የግዙፍ ሮቦቶቹ አብራሪዎች ሺንጂና አስካ ለ62 ሰከንድ ከምቱ ሳይወጡ እኩል ይዘላሉ፣ እኩል ይመታሉ። ሙዚቃው ራሱ የውጊያው ዕቅድ ነው። በጣም ያምራል!

ካውቦይ ቢባፕ (እ.ኤ.አ. 1998) ላይ የሙዚቃ ደራሲዋ የዮኮ ካኖ ጃዝ ገና ከመክፈቻው ደም ያሞቃል። እኔን የያዘኝ ግን 5ኛው ክፍል ነው። ቤተክርስቲያን ውስጥ ተኩስ ይቀልጣል፣ ጎራዴ ይመዘዛል። ከዚያ ዋናው ገጸ ባህሪ ስፓይክ ባለቀለሙን መስኮት ሰብሮ ቁልቁል ይወድቃል። እዚህ ጋ ከበሮ የለም። ለስላሳ ዝማሬ ነው የሚሰማው፤ በመሃል ትዝታዎቹ ብልጭ ይላሉ። እሱ ሲወድቅ የተመልካቹም ልብ አብሮ ይወርዳል። አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ፣ ያለማንገራገር ቢባፕ። ለጀማሪም ይቀላል፤ አብዛኛው ክፍል ለብቻው ይታያል።